ሁለቱን ባንዴ

«ይህ መድኃኒት አልተስማማዎትም። ከዛሬ ጀምሮ ይቁም» አለ ዶክተር ያርጋል፣ የደም ግፊት መለኪያውን ከእመት ወለተ ጊዮርጊስ ክንድ ላይ እየፈታ።

ስንዱ ካርዱን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። አሮጊቷ ትናንት ከምንጭ ሲመለሱ አዙሯቸው ወድቀዋል፤ ግንባራቸው ተልጧል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ላይ ፈረደበት። ጥፋተኛዋ ግን እዚያው ቆማለች፤ ያውም ፀጉሯን አሳምራ ተሠርታ።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን በጤና ጣቢያው ካርድ ትጽፋለች። ፍልሰታ ሲገባ ዶክተሩ፣ «ማንም ይሁን፣ ይጾም እንደሆነ ሳትጠይቂ ሰዓት እንዳትጽፊ» ብሏት ነበር። እመት ወለተ ጊዮርጊስ በመጡ ቀን ግን ጉሙ ከሊማሊሞ ሽቅብ ወጥቶ በመስኮቱ ሲገባ፣ ስንዱ በውስጡ ነጭ ጋዎን የለበሰች ራሷን አየች። ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ናት። ሰው ሁሉ «ሐኪሟ መጣች» ይላል። እጇ በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ለብቻው ጻፈ፤ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ»።

የጤና ረዳትነት ሥልጠና ማመልከቻዋ ዛሬ ደብተሯ ውስጥ ነው። የቀረው የዶክተሩ ፊርማ ብቻ ነው። ዝም ብትል ይፈርማል። አሮጊቷም ያለ መድኃኒት ወደ ቀድሞ ራስ ምታታቸው ይመለሳሉ።

«እንደተጻፈው ነው የወሰዱት?» ሲል ጠየቀ ሐኪሙ።

«አንዲት ፍሬ አላጎደልኩም!»

«ዶክተር» አለች ስንዱ። ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ መሰላት። «መድኃኒቱን አያቁሙት። እኔ ነኝ… መጾማቸውን አልጠየቅኋቸውም።»

ያርጋል ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«ታዲያ በፍልሰታ ጠዋት ክኒን የሚውጥ ማን አለ?» አሉ እመት ወለተ ጊዮርጊስ ተቆጥተው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እህል ሳልቀምስ፣ ሁለቱንም ባንዴ ነዋ! አንቺ ደግሞ መሠረተ ትምህርት ስታስተምሪኝ “ያንብቡ፣ ያንብቡ” ብለሽ ነዘነዝሽኝ፤ ይኸው አነበብኩልሽ!»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠው። ስንዱን ግን ቀና ብሎ አያት። «አዲስ ፖስታ አምጪና ጻፊላቸው፤ አንዱን ዘጠኝ ሰዓት ከምግብ በኋላ፣ አንዱን ሲተኙ።»

አሮጊቷ ሊወጡ ሲሉ ከነጠላቸው ጫፍ ሦስት እንቁላል ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ለጾሙ ፍች። የልጄን ልጅ ያዋለደውን እጅህን አይንሳን።»

ስንዱ አዲሱን ፖስታ አስይዛ ሸኘቻቸውና በሩን ዘጋች።

«ዶክተር፣ ወደዚህ ሳይመጡ አዲስ አበባ ቀርተው ቢሆን እንዲህ ያለ ጣጣ አይገጥምዎትም ነበር» አለች ስንዱ፣ አንገቷን ደፍታ።

«አዲስ አበባማ በሽተኞቼን በአልጋ ቁጥር ነበር የማውቃቸው። ሰባት ቁጥር ዳነ፤ ሌላ ሰባት ቁጥር ተኛ።» አንዱን እንቁላል በብርሃን አገላብጦ አየው። «እዚህ የማን ዶሮ እንደጣለች ሳይቀር አውቃለሁ። ያ ያዋለድኩት ጎረምሳ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ላይ ምላሱን አወጣብኝ። ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ቢሰጡኝ አልቀበልም።»

ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ማመልከቻሽስ? አምጪው።»

ስንዱ ደብተሯን ከፈተች። ወረቀቱ አልተጨማደደም፤ ጽሕፈቷም ያምራል። መልሳ ከደነችው።

«ጾሙ ይፈታና አመጣዋለሁ።»

በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ከደጋው ከአምባራስ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያስላሉ። ጉሙ እንደገና በመስኮቱ ገባ። በውስጡ የታያት ሰውየው ሌሊቱን የወረዱት ቁልቁለት ነው።

አጠገባቸው ተቀመጠች። እስክሪብቶዋን አልከፈተችም።

«አባባ፣ ይጾማሉ?»