በፈርኑ ላይ የተሰለፉት

ነጥቦቹ በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ ነበሩ። ይህን ልብ ያልኩት ግን ዘግይቼ ነው...

ይህን የምጽፍላችሁ መቱ ከተማ፣ ከገዛ ቤቴ ሆኜ ነው። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ቃል የለም። ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ዕለት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር።

ባለቤቴ ሰማን ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ጎሬ ሄዶ ነበር፤ የሚያድረውም እዚያው ነው። ቤት የነበርነው እኔና የስድስት ዓመቷ ልጄ ጀናት ብቻ ነን።

ፈርን የሚባለውን የጫካ ተክል ከሶር ፏፏቴ አጠገብ ከነአፈሩ ነቅሎ ያመጣው ሰማን ነው። በማሰሮ ተክለን ከጀናት አልጋ ራስጌ አስቀመጥነው። በሳምንቱ ቡናማ ተባይ ወረረው። ሰሊጥ የምታክል፣ ቅጠሉ ላይ እንደ ቅርፊት የተለጠፈች...

እኔ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታየኝ ክፉው ነው። ልጄን ቢነክሷትስ? ተኝታ ጆሮዋ ውስጥ ቢገቡስ?

ሦስት ቀን ሙሉ ቅጠል በቅጠል በሳሙና ውሃ ጠረግኩ። ጠፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ተመልሰው መጡ።

ግን ተሰልፈው... ሁለት ሁለት ሆነው፣ በቀጥታ መስመር።

ጎረቤቴን እትዬ በየነችን ጠራኋቸው። ጫማቸው ጭቃ ስለነበር ሳይገቡ፣ በሩ ላይ ቆመው የነገርኳቸውን ሰምተው ሳቁብኝ።

"ሃዳ ጀናት... አንቺ የጀናት እናት! ተባይ መቼ ይሰለፋል? ዝርክርክ ያለው ነው ተባይ። የተደረደረው የፈርኑ ዘር ነው። ከቅጠሉ ሥር እንደዚያ ነው የሚወጣው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ጫካ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ! ሂን ሶዳቲን... አትፍሪ። ሳሙናሽንም አትጨርሺ።"

አመንኳቸው። ተውኩት።

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከመኝታ ቤት ሹክሹክታ ሰማሁ።

"አቤት... አቤት... ቀሪ።"

ጀናት ፈርኑ ፊት ተንበርክካለች።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ቀስ በይ እማ... ሰልፍ ላይ ናቸው። ስም እየተጠራ ነው።"

"ቀሪው ማነው?"

"እኔ። ሲጠሩኝ ዝም አልኩ።"

ቅጠሉን ገለበጥኩ። ሥሩ ንጹሕ ነው። አንድ ነጥብ እንኳ የለም።

ሁሉም ከላይ ናቸው... ወደ ልጄ ትራስ ዞረው።

"ቢጠሩሽ አቤት እንዳትይ። ሰማሽኝ?"

"እሺ።"

"ማይልኝ!"

"ወላሂ እማ።"

ማሰሮውን ዝናብ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። ከአጥሩ ጥግ አስቀምጬ የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ቅጠሉ ጠቁሮ ተኛ። አንሶላውን ቀየርኩ። ጀናትን ከፀጉሯ እስከ እግር ጣቷ አጠብኳት። ምንም የለባትም። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

እንደመሸ መብራት ጠፋ። ጀናትን አስተኛኋትና በሩን ልቆልፍ ሄድኩ።

ቁልፉን ስፈልግ ጣቴ የሆነ ነገር ነካ። ሸካራ... ሰሊጥ የሚያክል።

የስልኬን መብራት አበራሁ።

በሩ ላይ ናቸው። ከውስጥ በኩል። ከቁልፉ ቀዳዳ ጀምረው፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ወደ ወለሉ ወርደዋል። ከወለሉ ወደ መኝታ ቤት...

የመጨረሻዋ ብቻዋን ናት። አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ከውጭ ሌላ እንዳይገባ ብዬ ቁልፉን አዞርኩት። ቀጭ አለ።

ያኔ ከመኝታ ቤት የልጄ ድምፅ መጣ። ጥርት ብሎ፣ አስተማሪ ፊት እንደቆመች...

"አቤት!"