ከሰዓቱ የቀደመው ፎቶ

ለመጨረሻ ጊዜ የተዝናናህበትን ከተማ የመረጠልህ ማን ነው? ራሴ ነኝ ትል ይሆናል። አይደለህም! ስልክህ ላይ ገንዳ ዳር ቆማ የምትስቅ ሴት ናት የመረጠችልህ። ያቺ ሴት ደግሞ ሰላይ ልትሆን ትችላለች።

ይህችኛዋ ነበረች።

ተከታዮቿ «መንገደኛዋ» ይሏታል፤ መሥሪያ ቤቷ «ድርጭት»። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆቴል እያሞገሰች፣ የጉዞ ወሬ እየጻፈች መረጃ ስታቀብል ኖራለች።

አሁን ከፍል ውሃው ሆቴል ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆማለች። እርጥብ አንሶላ በየገመዱ ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊቷ የገንዳው ቴክኒሻን አለ፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣ እጁ በክሎሪን የተላላጠ ሰው።

«አንቺ ነሽ እንዴ? በፎቶ ትረዝሚያለሽ።»

«ጋሼ፣ ቀልዱ ይቆየን። ወረቀቱስ?»

ከካልሲው ውስጥ አውጥቶ ሰጣት። የላቦራቶሪ ውጤት ነው። በአቅራቢያው ካለ የማዕድን ማውጫ የሚሰርግ መርዝ ገንዳው ውስጥ ገብቷል። ሆቴሉ ካወቀ ዓመት አልፎታል።

«የልጅ ልጄ ዋና የተማረችው እዚያ ነው» አለ። «አሁን ቆዳዋ...» አንሶላውን ገፋ አደረገና ቀረባት። «ውሃው ፈውስ ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?»



ስልኳ ነዘረ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ያለማቋረጥ።

የማትጥሰው ደንብ ነበራት። ፎቶ የሚለጠፈው ከተማውን ለቅቃ ከወጣች በኋላ ብቻ ነው። እስከዚያ በረቂቅ ይቀመጣል። ከሩብ ሰዓት በፊትም ለሽፋን ያህል የማጠቢያ ክፍሉን በር ፎቶ አንስታ በረቂቅ አስቀምጣው ነበር።

ተለጥፏል።

«አሁን እዚህ ነኝ!» ይላል ከሥሩ። እሷ አልጻፈችውም።

የገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና «አጎቴ» የምትለው አለቃዋ። ደወለችለት።

«ማን ለጠፈው?»

«ድርጭት፣ ተረጋጊ። ወረቀቱን ለሚመጡት ሰዎች ስጪ።»

«የማን ሰዎች?»

«የሆቴሉ። የሆቴሉ ደግሞ የእኛ ማለት ነው። ስንት እንግዳ የሚጎርፍበትን ቦታ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ልታፈርሺው ነው?»

«ታዲያ ለምን ላክኸኝ?»

«ምስጢሩን የያዘው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነዋ! ሰውየው ካንቺ በቀር ለማን ራሱን ያሳያል? እመኚኝ፣ እናትሽን አብሬሽ የቀበርኩ ሰው ነኝ።»

ስልኩን ዘጋችበት። ረቂቁን አይቶ ሰዎቹን በጸጥታ መላክ ይችል ነበር። አላደረገውም። ነገ ጥያቄ ቢነሳ ጥፋቱ የእሷ እንዲሆን ፈልጓል። ምን ይደረግ፣ ግዴለሿ ራሷ ለጥፋ ሰውየውን አስያዘችው ይባላል።

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ።

«እኔን ብለው ነው የመጡት?» አለ ቴክኒሻኑ።

«አዎ፣ ጋሼ። በእኔ ምክንያት።»

 እሱ የልብስ ጋሪውን ገፍቶ በሩን ደገፈው፤ ራሱም ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«በቦይለሩ ክፍል በኩል የጓሮ በር አለ። ሩጪ!»

«አብረን እንሂድ።»

«በዚህ ጉልበቴ? አታስቂኝ። ወረቀቱ እንዳይረጥብ!»

ሮጠች።

ከኋላዋ በሩ ሲሰበር ሰማች። ከዚያ የእሱን ድምፅ። «ቀስ በሉ እንጂ ልጆች፣ ሽማግሌ ነኝ!»

አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ዷ አለ።

ከዚያ ዝም።

አውቶቡስ ውስጥ የይለፍ ቃሉን ቀየረች። ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ለጠፈችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማው ውስጥ እያለች። ስልኳን በመስኮት ወረወረችና ሻርፕ ተከናንባ፣ ከሚያንቀላፉት ተሳፋሪዎች መሐል አንዷ ሆነች። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ስትወርድ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

ገጿ ላይ ግን ይህ ቀርቷል፦

«ሳላጣራ ውሃው ፈውስ ነው ብያችሁ ነበር። መርዝ ነው፤ ማስረጃው ይኸው። አንተ ደግሞ አጎቴ ያልኩህ ሰው፣ በስልክ ማንሾካሾኩ ይብቃህ። ቴክኒሻኑን የት አደረስከው? ሕዝብ ፊት ቁምና መልስ!»