ለሟቹ የተቀረጸው ወንበር

«አሮጊቷ ጃጀች» ብትሉኝ አልቀየምም፤ እኔም በራሴ መሳቅ እወዳለሁ። ይህን ግን በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በገዛ አፍንጫዬም አሽትቼዋለሁ።

ጊዜው ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ቦታው የእሽቅድምድም መኪኖች የሚሰናዱበት ጋራዥ ነበር። ፀሐይ ወለሉ ድረስ ገብታለች...

እኔ ከቡድኑ ጋር ብዙ አገር የዞርኩ ሐኪም ነበርኩ። መኪናውን የሚነዳው ደግሞ የእህቴ ልጅ ነው።

በዚህ ሙያ መቀመጫ እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው፤ አይዋዋሱትም። ተወዳዳሪው ገና ባልደረቀ ፎም ላይ ይቀመጥና የራሱ ጀርባ ቅርጽ ይወጣለታል።

አለቃችን ግን የተቀናቃኞቻችንን ወንበር በጓሮ በር አስመጣ።

ባለፈው ወር ተጋጭቶ የሞተውን ተወዳዳሪያቸውን ወንበር።

«ክብደቱ ከእኛው ይቀላል። የቀደሙን በዚህ ነው» አለ፣ እጁን እያፋተገ።

ነካሁት። ይሞቃል...

ጣቴን ሳነሳ ቢጫ፣ ዝልግልግ ነገር ተከትሎኝ ተሳበ። ሽታው መብራት በጠፋበት ማቀዝቀዣ ውስጥ የሰነበተ ሥጋ ነው።

«ደጋግሜ አጠብኩት፣ ዶክተር» አለኝ መካኒኩ በሹክሹክታ። «ተመልሶ ያልበዋል።»

«ወንበር?»

«እኔንጃ... ከእንግዲህ አልነካውም።»

የእህቴን ልጅ ወደ ጥግ ሳብኩት።

«እዚያ ውስጥ አትገባም።»

«አክስቴ ደግሞ! አንቺ የሆቴል አንሶላም ይቀፍሻል።»

«አንሶላው ላይ ሰው አልሞተማ!»

«ኧረ ስንቱ ሞቷል!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ዛሬ ካላሸነፍኩ በሌላ ይተኩኛል። አለቀልኝ ማለት ነው።»

«ሟቹ ቀጭን ነበር፤ አንተ ትከሻህ ሰፊ ነው። አይበቃህም።»

ገባ።

ልክክ አለለት... ከሥሩ እርጥብ አፍ ሲመጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ።

ለአለቃው፣ ልጁ እንዲወዳደር የሐኪም ፈቃድ እንደማልሰጥ ነገርኩት።

«እርስዎ የደም ግፊቱን ይለኩ እማማ፤ ወንበሩን ለእኔ ይተዉልኝ» አለና መኪናውን አስወጣ።

በውድድሩ የእህቴ ልጅ አንደኛ ወጣ።

አጠገቤ የቆመው የተቀናቃኞቻችን መካኒክ ግን አላጨበጨበም።

«መታጠፊያውን እንደዚያ የሚገባው... የእኛው ሟች ብቻ ነበር» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

መኪናው ጋራዥ ተመልሶ እንደቆመ የእህቴ ልጅ ቀበቶውን ፈታ። መነሳት ግን አቃተው። ተጋግዘን ስንጎትተው ጀርባው ከወንበሩ እንደ ቁስል ፋሻ እየተላጠ ተላቀቀ። ልብሱን ገፈፍኩ።

ቆዳው ላይ የሰው ጎድን አጥንቶች ታትመዋል። የእሱ አይደሉም... ከኋላው አንድ ሰው ደረቱን አጥብቆ የለጠፈበት ይመስላል።

አለቃው እጁ ላይ የቀረውን ቢጫ ነገር በሱሪው ጠርጎ፣ በዚያው እጁ የልጁን ጉንጭ መታ መታ አደረገ።

«ጀግናዬ! የሚቀጥለውም ያንተ ነው። ወንበሩን ማንም እንዳይነካብኝ!»

የእህቴ ልጅ አልሰማውም። መኪናውን አፍጥጦ እያየ ክንዴን ጨመቀኝ።

«አክስቴ... ቀበቶውን ማን አሰረው?»

ባዶው ወንበር ላይ ቀበቶው ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

ቀስ ብሎም... እንደሚተነፍስ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል።