ጌጤ እናቷን ያላነሣችበት ቀን

ጌጤ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ጉለሌ ነው፤ ጊዜውም የጣሊያን ጊዜ። አባቷ አርበኛ ሆነው ዱር ከገቡ ወዲህ እናቷ ወይዘሮ ሾዴ ከእንጦጦ እንጨት እያወረዱ ይሸጡ ነበር።

ልጆች፣ እንጨት ተሸካሚ ሴት እንዴት እንደምትሸከም ላስረዳችሁ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሸክሙን በገመድ ከጀርባዋ ታስራለች። ከዚያ ግን ብቻዋን መነሣት አትችልም፤ እጇን ይዞ የሚስባት ሰው ያስፈልጋታል። የጌጤ ሥራ ይህ ነበር።

ጌጤ ግን ደክሟታል። ዳገቱ ሰልችቷታል።

ጎረቤታቸው ጋሽ ለታ በራቸውን ዘግተው ለልጆች በድብቅ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን ጌጤ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ትምህርቱ እስከ ማታ ነው» አለች። ውሸቷን ነው!

«እንግዲያው ተማሪ» አሉ እናቷ። ጉልበታቸውን እያሹ ብቻቸውን ወጡ።

የዚያን ቀን ጋሽ ለታ «ቤር» የሚል ቃል አስተማሩ። «ሁለት ትርጉም አለው፤ ሸክም መሸከምና መከራን መቻል። ጥንት የሚባለው ለጀርባ ሸክም ነበር። ኋላ ሰዎች ልብም የሚከብደው ነገር እንዳለ አዩና ቃሉን ለዚያም አዋሉት። እስቲ ጌጤ፣ ምሳሌ ስጪ።»

«እናቴ እንጨት ትሸከማለች።»

ደራርቱ የምትባል ጓደኛዋ ሳቀች። «አንቺ እዚህ ተጎልተሽ ማን ሊያነሣት ነው?»

«ሰው መቼ ይጠፋል!» አለች ጌጤ። ትምህርቱ ቶሎ አለቀ፤ እሷም ቤቷ ሄዳ ጋደም አለች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንጨት ተሸካሚዎቹ ወረዱ። እናቷ ግን የሉም።

«እናቴስ?»

«ውይ! አንቺ አብረሻት ያለሽ መስሎን ስታስር ትተናት መጣን» አሉ አንዲት ሴት። «የጣሊያን ወታደሮች የመንገዱን ኬላ ሊዘጉ ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ይታሰራል!»

ጌጤ ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። እናቷ ሸክማቸውን እንዳዘሉ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«እማዬ፣ ለምን ፈትተሽ ጥለሽው አልመጣሽም?»

«ነገ ምን ልንበላ?»

ጌጤ አለቀሰች። «ዋሽቼሻለሁ። ትምህርቱ ካለቀ ቆየ። ይቅር በዪኝ።»

እናቷ እጃቸውን ዘረጉ። ጌጤ በሁለት እጇ ይዛ ሳበቻቸው፤ ተነሡ። ኬላው ሳይዘጋ ለጥቂት አለፉ።

ደጃፋቸው ሲደርሱ እናቷ በደከመ ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። ደክሞኛል ብትይኝ እኮ አብረን እናርፍ ነበር፤ እኔም ይደክመኛል» አሉ።

ልጆች፣ ሲደክማችሁ እውነቱን ተናገሩ እንጂ ዋሽታችሁ የሚጠብቃችሁን ሰው አትተዉ።