ሳይረኑ ሲጮህ

ሦስተኛው ዙር ላይ ሴፖላ ከልቧ መዝፈን አቆመች።

ዘፈኑ አራት ስንኝ ብቻ ነው። እየተደጋገመ በየዙሩ ይፈጥናል፤ ወንዶቹም መሀል የተቀመጠውን የእንጨት ሣጥን በመዳፋቸው ይደልቁታል። ጥሩ ቃል ሲደጋገም ይሞቃል። ይሄኛው ግን ጣዕሙ እንዳለቀ ማስቲካ አፏ ውስጥ ተንገዋለለ።

«እንደ ተራራ የጸናህ፣ እንደ ወንዝ የምትፈስ ወንድማችን…»

«እረፍት!» አለች ልምምዱን የምትመራው አክስት ቴሊ፣ ፊቷን በማራገቢያ እያራገበች። «ላኑ፣ ተባረኪ የኔ ልጅ! አጎት ፓኒ ከሞተ ወዲህ ግጥም የሚገጥምልን አጥተን ነበር እኮ።»

ላኑ የሴፖላ የልብ ጓደኛ ናት። ዘፈኑ ደግሞ ለሴፖላ ታላቅ ወንድም ለማሎሲ ነው፤ ነገ ወደ አውስትራሊያ ይበራል። መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም።

ከአዳራሹ ውጭ፣ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ ሴፖላ ጠየቀቻት። «በአንድ ቀን እንዴት ገጠምሽው?»

ላኑ ግራ ቀኝ አየችና ስልኳን አወጣች። «ለማንም እንዳትናገሪ። ስልኬ ላይ ያለውን ኤአይ "ወንድም ሲሰናበት" ብዬ ግጥም ጠየቅኩት፤ በእንግሊዝኛ ዘረገፈልኝ። እኔ ወደ ቋንቋችን መለስኩት። ሻዬ ሳይበርድ ግጥሙ አለቀ።»

«ስለ ማሎሲ ምን ነገርሽው?»

«ምን ልንገረው? ወንድም ያው ወንድም ነው።»

«እዚህ ደሴታችን ላይ ወንዝም ተራራም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አቦ አታካብጂ! መዝሙር ውስጥ ስንት ወንዝ አለ፤ ማን ምን አለ?»

እውነቷን ነው፤ ማንም ምንም አላለም። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። የክፍሉ ድርሰት ሁሉ አንድ ዓይነት አጀማመር፣ አንድ ዓይነት አጨራረስ አለው፤ ሙልጭ ብሎ የታጠበ፣ የማንም ያልሆነ። መምህሩም «በጣም ጥሩ» እያሉ ይመልሱታል። እስካሁን ሴፖላን የሚያሰለቻት ብቻ ነበር። አሁን ግን የሰው ማንኪያ ሳይታጠብ አፏ ውስጥ የገባ መሰላት። ማሎሲ የቤታቸውን አሳማዎች መኖ በባልዲ ተሸክሞ፣ ከዜማ እየወጣ እያንጎራጎረ፣ ሳይረን እስኪጮህ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን የአውሮፕላን ሜዳ በየማታው አቋርጦ የሚሄድ ልጅ ነው። ነገ ሰው የሚያለቅሰው ለተራራው ነው? እሱስ ይዞት የሚሄደው ይሄን ነው?

«ትነግሪያቸዋለሽ?» ላኑ ስልኳን ደበቀች። «እማዬ እኔ እንደገጠምኩት ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።»

ሴፖላ ከእሁድ ጀምሮ ለአሳማዎቹ ብቻ የነገረቻት አንዲት ስንኝ ነበረቻት። ስንኟ አንካሳ ናት፤ ሰው ፊት ለማውጣት ታሳፍራለች።

ተመልሰው ገቡ። የሴቶቹን ድምፅ የምታስጀምረው ሴፖላ ናት። ሣጥኑ ተመታ። አፏ ግን አልተከፈተም። ከኋላዋ ያሉት አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ተደነቃቀፉና ዝም አሉ።

«ምነው፣ ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?» አሉ አጎት ፎኖ ከሣጥኑ ጀርባ። ልጆቹ ሳቁ። ላኑ አንገቷን ደፋች።

የሴፖላ ጆሮ ጋለ። «አክስቴ… የወንዙን ስንኝ ልቀይራት?»

«ነገ ሊዘፈን ዛሬ? ለምን ሲባል?»

ላኑ የምንጣፉን ጭራ እየመዘዘች ነበር። ሴፖላ አየቻት። ከዚያ ወደ አክስቷ ዞረች።

«ማሎሲ እዚህ ዘፈን ውስጥ የለም።»

አክስት ቴሊ ማራገቢያዋን አቆመች። «በይ እስኪ።»

ሴፖላ ዓይኗን ሣጥኑ ላይ ተክላ፣ በቀስታ አለችው።

«አውሮፕላን ሲመጣ፣ ሳይረኑ ሲጮህ፣
ኳሳችንን ይዘን ሁላችን ከሜዳው እንወጣለን፤
ነገ ሲጮህ ግን፣ አንተ ወደ ሜዳው ትገባለህ።»

ማንም አላጨበጨበም። አጎት ፎኖ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙት፤ ሣጥኑንም አንዴ በቀስታ መታ አደረጉ።

«ረዝሟል» አሉ።

«ኳሱ ይውጣ» አለች ላኑ፣ ቀና ሳትል። ድምፅዋ ሻክሯል። ከዚያ ጨመረች፤ «ተራራውንስ ምን እናድርገው?»

ሴፖላ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለች፤ አጠገቧ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።

«ስልክሽን እዚያው ተዪውና ነይ» አለቻት።