ያልተሰካው ዲስክ

መጀመሪያ ይህን ልንገርህ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ ሥራዬ ራሱ ለማመን አይመችም፣ ደሴ ፒያሳ ላይ የኮምፒውተር ጥገና ከከፈትኩ ጀምሮ «ኮምፒውተሬ ጂን ገባበት» እያለ የሚመጣው ሰው ብዛቱ፣ ስከፍተው ግን የማገኘው አቧራ ነው፣ በረሮ ነው፣ አንድ ጊዜማ አይጥ ከነልጆቿ አግኝቻለሁ። ስለዚህ «ደክሞህ ይሆናል» እንዳትለኝ፣ ይህን ያላለኝ ሰው የለም፣ ሰልችቶኛል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ክረምት ሲቀረው ነው። እትዬ ፋጡማ የሚባሉ ሴት ከኮምቦልቻ ደወሉልኝ። ባለቤታቸው ጋሽ አብዱ ሰርግ በቪዲዮ እየቀረጹ የሚያቀናብሩ ሰው ነበሩ፣ እሳቸው ሲሞቱ ስቱዲዮው በሚስታቸው እጅ ቀረ። አሁን ደግሞ ሰርጎቹ ሁሉ የተቀመጡበት ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል፣ ወደ ሠላሳ የሚሆን ለባለቤቱ ያልደረሰ ሰርግ ውስጡ አለ፣ ከሙሽሮቹ አንዷ በሰርጓ ማግስት እናቷ የሞቱባት ናት፣ የእናቷ የመጨረሻ ምስል እዚያ ውስጥ ነው፣ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ስቱዲዮው በር ላይ ታለቅሳለች።

«ልጄ፣ ሳይሞትብኝ ድረስልኝ» አሉኝ እትዬ ፋጡማ።

አዲስ ሃርድ ዲስክ ይዤ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ሐረጎ ተራራ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የነዳው፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጃኬቴን አውልቄ ተሸክሜ ገባሁ። ገና ከመግባቴ መናደድ ጀመርኩ። ጋሽ አብዱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማሽኑን ራሳቸው ናቸው የገጣጠሙት፣ ክዳኑ የታሰረበት ቡሎን አራት፣ አራቱም አራት ዓይነት፣ አንዱ ጭራሽ ጥርሱ አልቆ በፒንሳ ነው የነቀልኩት። ስከፍተው ደግሞ እያንዳንዱ ኬብል ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ «አትንካ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ አስበው፣ ሁሉም ላይ! ታዲያ ሳልነካ እንዴት ልሥራ?

አሮጌውን ዲስክ ከአዲሱ ጋር በአንድ ኬብል ሰካሁ፣ አንዱን ማስተር፣ ማለት አለቃ፣ ሌላውን ስሌቭ፣ ማለት ታዛዥ የምታደርግ ጃምፐር የምትባል የምስር ፍሬ የምታክል ፕላስቲክ አለች፣ እሷን አስተካከልኩ፣ አበራሁ፣ ቀጥ አለ። ጃምፐሯን ቀየርኩ፣ ቀጥ አለ። ኬብል ቀየርኩ፣ ቀጭ ቀጭ አለና ቀጥ አለ። እመነኝ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ በዚህ ነው የዋልኩት፣ ጃምፐሯ ሁለት ጊዜ ወድቃብኝ ወለል ላይ ተንበርክኬ ስፈልግ እትዬ ፋጡማ ከበላዬ ቆመው «አብዱን እኮ እንዲህ አያስቸግረውም ነበር» ይሉኛል፣ ይሄ ይባላል?

«እትዬ ፋጡማ፣ ትንሽ ይቀመጡልኝ እስቲ» አልኳቸው፣ ጥርሴን ነክሼ።

በመጨረሻ አሮጌው ግሏልና ይቀዝቅዝ ብዬ ኤሌክትሪኩንም ኬብሉንም ነቅዬ አወጣሁት፣ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አጥፌ እላዩ አስቀመጥኩት። እስከዚያ አዲሱን ላዘጋጅ ብዬ ብቻውን ሰክቼ ፎርማት አደረግኩት፣ ምንም ሳያስቸግር አለቀ፣ ተመስገን አልኩ። የዲስኮቹን ዝርዝር ስከፍት ግን ሦስት ነው። የማሽኑ የራሱ አለ፣ አዲሱ አለ፣ ከሁለቱ መሀል «ሰርግ» የሚል አለ።

የቆየ ምልክት ነው፣ ይጠፋል ብዬ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። አለ። ስጫነው ተከፈተ፣ የሙሽሮቹ ስም በተርታ ተደርድሯል፣ እትዬ ፋጡማ ከኋላዬ አይተው «አልሐምዱሊላህ፣ መጣ! በል ገልብጠው!» አሉ። እኔም ንዴቴ አናቴ ላይ ስለነበር ሳላስብ መገልበጥ ጀመርኩ፣ መቶኛው መቁጠር ጀመረ፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ያን ጊዜ ነው ፎጣው ትዝ ያለኝ።

ዞር ብዬ አየሁት። እዚያው ነው። የማሽኑ ሳጥን ውስጥ ጎንበስ ብዬ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ፣ ሁለት ዲስክ ነው ያለው፣ ሦስተኛ የለም፣ እንደገና ቆጠርኩ፣ ሁለት። ከዚያ እጄን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነካሁት። ወንድሜ፣ ይሽከረከር ነበር። መዳፌ ሥር እዝዝዝ ይላል፣ ሙቀቱ አሁን ከዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል ነው። ገመድ የለው፣ ምን የለው!

«እትዬ ፋጡማ፣ ይሄን ይንኩት እስቲ» አልኳቸው፣ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ለማወቅ።

በሁለት ጣታቸው ነኩት፣ «ቢስሚላህ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«አብዱ ሥራ ላይ ከሆነ ማን ያናግረዋል» አሉ፣ ዝግ ብለው። «ተወው፣ ይጨርስ።»

እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርህ አልችልም፣ ስፈራ እናደዳለሁ፣ አመሌ ነው፣ «ይሄ እኮ ብረት ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ማንም ብረት አይደለም አላለኝም። ቁጥሩ ሰባ አንድ ሲደርስ መብራት ሄደ። የስቱዲዮው መጠባበቂያ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ስክሪኑ ጠፋ፣ የማሽኑ ማራገቢያ ቆመ፣ ውጭ አንድ ወፍጮ ነበር እሱም ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፎጣው ላይ ያለው ዲስክ ብቻ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ወደ ሃያ ደቂቃ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፣ ለምን እንዳልወጣሁ አላውቅም፣ እትዬ ፋጡማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

ከዚያ አንድ ረዘም ያለ ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ መብራት መጣ። ማሽኑን ሳበራው «ሰርግ» የሚለው ከዝርዝሩ ጠፍቷል፣ አዲሱ ዲስክ ላይ ግን ሰርጎቹ በሙሉ አሉ፣ አንድም አልጎደለም። አሮጌውን ስነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ክዳኑን በሁለት ቡሎን ብቻ አስሬ፣ ደህና ይዋሉ እንኳን በቅጡ ሳልል፣ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ደሴ ገባሁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ ፋጡማ ብቻቸውን ፒያሳ ሱቄ ድረስ መጡ፣ አሮጌው ዲስክ በሻሽ ተጠቅልሎ በእጃቸው ነው።

«ሰርጉ ሁሉ ደህና ነው፣ ያቺም ልጅ እናቷን አየች፣ መረቀችህ» አሉኝ። «ግን የሱ ድምፅ የለም።»

«የማን?»

«የአብዱ። እሱ ከካሜራው ኋላ ሆኖ ሰዉን ያዝዛል፤ ወደዚህ እዩ፣ ሳቅ በሉ ይላል። ምስሉ የትም የለኝም፣ ሌላውን ሲቀርጽ ነው የኖረው። ድምፁን እሰማለሁ ብዬ ነበር።»

አንዱን ሰርግ በሲዲ ይዘውት ነበር፣ ከፍቼ አየሁት። ከበሮው አለ፣ እልልታው አለ፣ የሕፃን ልቅሶ ሳይቀር አለ። ከዚያ የሙሽራው ዘመዶች ሁሉ ባንዴ፣ እንደ ተጠራ ሰው፣ ወደ ካሜራው ይዞራሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም «እሺ፣ እሺ አብዱ» ብለው ይመልሳሉ። የጠራቸው ድምፅ ግን የለም። ድምፅ ሲቀዳ ተደባልቆ ነው የሚቀዳው፣ አንዱን ሰው ብቻ ከመሀል ነቅሎ የሚያወጣ ነገር በዚያ ዘመን አላውቅም። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት፣ በሦስተኛው ሲዲውን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«እዚህ ቀርቶ ይሆናል» አሉ፣ ሻሹን እየፈቱ። «አንዴ ሰካልኝ።»

ተቀብዬ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ኬብሉን አነሳሁ፣ ሥራዬ ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ የማደርገው ነገር ነው፣ እጄ ግን አልሄደም። ምን እንዳይመጣ እንደፈራሁ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ኬብሉን እንደያዝኩ ትንሽ ቆሜ፣ ዲስኩን አንስቼ ወጣሁ።

«አልቋል፣ እትዬ ፋጡማ። ሞቷል።»

«ሰክተህ አየኸው?»

«አየሁት።»

ዓይኔን አዩኝ። «በማርያም በል» አሉኝ፣ እኔ በማን እንደምምል ያውቃሉ።

መማል አቃተኝ። ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ቡሎኖች መሰብሰብ ጀመርኩ። እሳቸው አልተቆጡም፣ ዲስኩን ከእጄ ወስደው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ እንደ ስልክ ጆሯቸው ላይ አደረጉት፣ አደመጡ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

«እሺ፣ እንሂድ» አሉት፣ ወጡም።