ጣት የማያሳልፍ ጎማ

«ያዥው! ያዥው እንጂ ዩስራ፣ ጣቴን ልታስቆርጪኝ ነው?»

ዩስራ ሰፊውን ጎማ በጉልበቷ ደግፋ ያዘች። ወንድሟ ሁዜይፋ የጎማውን ጠርዝ በብረት እየፈለቀቀ ቸርኬው ላይ ሊያስገባው ይታገላል። ጎማው እንዲለሰልስ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ እንዲያም ሆኖ እልኸኛ ነው።

ክሩዘሩ ግቢው መሀል የኋላ እግሩ ተነቅሎ ጡብ ላይ ቆሟል። ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ እጀታው ወደ ነጂው የተቆለመመ ሞተር ነው፤ በትንሿ ከተማቸው በዶካ እሱን የመሰለ የለም። ከአባታቸው የቀረ ነው። አባታቸው ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ አቡ ሐመድ በረሃ ሄዶ ጉድጓድ ተደረመሰበት፤ ሬሳው እንኳ አልወጣም። የእናታቸውን የሳናን እንባ ፈርቶ በተኙበት ጥሏቸው ነበር የወጣው። ሳና ለቅሶው ሳያልቅ ሁዜይፋን ቁርአን አስይዛ አስማለችው። «ወርቅ የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ!» አለችው።

ሁዜይፋ ጎማውን ከገዳሪፍ ይዞ ሲመጣ «ለቱርካ ሰርግ ነው» ብሏት ነበር። ቱርካ የልብ ጓደኛው ነው። «ሙሽራው ፊት ፊት የምነዳው እኔ ነኝ። በቀጭን ጎማ? ወላሂ ነውር ነው!» ዩስራም አመነችው። ለምን አታምነው? ወንድሟ መታየት ይወዳል፤ ይህን ዶካ በሙሉ ያውቃል።

እንደ ምንም ገባ። ነፉት፤ መልሰው አሰሩት። ሁዜይፋ በእጁ ሲያሽከረክረው ጎማው ያለ ኮሽታ ዞረ።

«አየሽ? ልክክ አለ! ማሻአላህ!»

እውነትም ያምራል። ዩስራ እየሳቀች ተንበረከከችና፣ እሱ ራሱ እንዳስተማራት፣ ጣቶቿን በጎማውና ከላይ ጭቃ በሚመልሰው ፓራፋንጎ መካከል ልታስገባ ሞከረች። ከሪፍ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ የዶካ ዋልካ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ጭቃው እዚያ ይጠቀጠቅና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። የአካባቢው ልጅ ሁሉ ቀጭን ጎማ የሚገጥመው ለዚህ ነው፤ ክፍተቱንም በጣት ይለካል። አሁን ግን ትንሿ ጣቷ እንኳ አላልፍ አለች።

«ሁዜይፋ፣ ይሄ እኮ ጣት አያሳልፍም። በከሪፍ ምን ልትሆን ነው?»

«ከሪፍ ገና ነው።»

ገና? ሰዉ ማሽላ ሊዘራ ማሳውን እያሰናዳ? ደመናው በቁረይሻ በኩል እየጠቆረ? ዩስራ ቀና ብላ አየችው። ሁዜይፋ ቁልፎቹን በጨርቅ እየጠረገ ነው፤ የጠረገውን ደግሞ እንደገና ይጠርጋል።

«ከሪፍ ሲገባ እዚህ የለህም ማለት ነው» አለችው።

ሁዜይፋ ጨርቁን አስቀመጠ።

«አሸዋ ላይ እንዳትሰምጥ ነው ሰፊ ጎማ የገዛኸው። አቡ ሐመድ ልትሄድ ነው አይደል?»

«ቀስ በይ! እማዬ ትሰማለች።» አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ስሚኝ ዩስርዬ፣ እዚህ ምን ቀረኝ? በጦርነቱ ትምህርቱም ሥራውም ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ማሳ ሳርም ልኑር? በሰርጉ ግርግር መሀል ውልቅ እላለሁ። አንድ ከሪፍ ብቻ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እመለሳለሁ።»

«አባዬም ከዚያ ደውሎ እንዲሁ ብሎ ነበር።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልቧ ስብር አለ እንጂ ምን ይባላል! አባቷን ሳትሰናበተው ነው ያጣችው፤ አሁን ደግሞ ይሄኛው።

«አደራሽን፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለና ሞተሩን ከጡቡ አውርዶ ተቀመጠበት። ሊያስቃት ፈልጎ እንደ ሙሽራ አጃቢ ደረቱን ነፋ። ዩስራ አልሳቀችም።

ዓይኗ ጎማው ላይ ነበር። ክብደቱ ሲያርፍበት ጎማው ወደ ላይ ተጠጋና ከፓራፋንጎው ሥር የወጣ የብሎን ጫፍ ነካው። ሁዜይፋ ትንሽ ገፋ ሲያደርገው ብሎኑ አዲሱን ጎማ ጫረው። እሱ ከላይ ሆኖ አያይም።

ዝም ብትልስ? ገና መንገድ ላይ፣ ሾዋክ ሳይደርስ ጎማው ይበላና ይመለስ ይሆናል። አዎ፣ እየተሳደበ ይመለሳል፤ እሷም ወንድም ይኖራታል። ደግሞስ እየበረረ ሳለ ቢፈነዳበት? አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው።

«ውረድ» አለችው።

«ምነው?»

«ብሎኑ ጎማህን እየበላው ነው።»

ወርዶ ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ወላሂ አላየሁትም» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ እኮ ይገድለኝ ነበር።»

ዩስራ የብረት መጋዙን አንስታ ሰጠችው። «ቁረጠው። እኔ እይዝልሃለሁ። ሲያልቅ ግን እማዬን እጠራታለሁ፤ አንተው ራስህ ትነግራታለህ።»

«ዩስርዬ፣ በአላህ...»

«አባዬን አልተሰናበትነውም፤ አንተን እንኳ እንሰናበትህ።»

ሁዜይፋ መጋዙን ብሎኑ ላይ አሳረፈው። መጋዙ ሲፋጭ ብረቱ ጋለ፤ እሷ ግን አለቀቀችም። የብሎኑ ጫፍ ተቆርጦ መሬት ላይ ጠብ ሲል፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እናቷ ምስር ወደምትለቅምበት ክፍል ሄደች።

«እማዬ» አለች በሩን ይዛ፣ «ነይ እስኪ ውጪ። ሁዜይፋ የሚነግርሽ ነገር አለ።»